አባባ ኩየራ ናቸው ያልንበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሃና ከሻሸመኔ መጣች። ክረምቱን ሙሉ አክስቷ ጋ ነበረች፤ ስልኳ ደግሞ ሐምሌ ላይ ውሃ ውስጥ ወድቆባት ስለነበር ሁለት ወር ያህል አልተገናኘንም። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጭማቂ ቤት ገባንና ስፕሪስ አዘዝን። ማንኪያዋን አቮካዶው ላይ አቁማ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

“በይ እንግዲህ ከሐምሌ ጀምሪ። ማን ምን ሆነ፣ ኳሱ፣ ዘፈኑ፣ ፖለቲካው። አንድም እንዳይቀርብኝ።”

ከኳሱ ጀመርኩ። ከኳሱ ወደ ዘፈኑ፣ ከዘፈኑ ወደ ክፍላችን ልጆች ፍቅርና ጠብ እያልኩ ስሄድ አፌ ዘይት እንደተቀባ መዘውር ይሽከረከር ነበር። ሃና ትስቃለች፣ እኔም ደስ ብሎኛል፤ መቼም ወሬ ማሳመር እችላለሁ። መሃል ላይ ግን ይሄን ችሎታ የት እንደተማርኩት ትዝ አለኝና ጭማቂዬን መጠጣት ጀመርኩ። የተማርኩት በአንድ ቅዳሜ ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት፣ መስከረም ውስጥ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ።

አጎቴ ቶሎሳ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ወንጂ ተወልዶ ሸንኮራ ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ አባባ፣ ማለትም አያቴ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያው ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ሲሆን ጡረታ ሲወጡ ነው አዳማ እኛ ጋ የገቡት። ልጃቸው መካኒክ ሆነ። ያኔ በምዕራብ በኩል ሩቅ ያለ የስኳር ፕሮጀክት ላይ ይሠራ ነበር። ሰኔ ላይ በዚያ አካባቢ ስልክ ተቋረጠ፤ መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል ይባል ጀመር። እኛ ሰፈር ስለዚያ ነገር ሁሉም የራሱ ትንታኔ ነበረው። እኛ ቤት ግን ፖለቲካ ማለት የቶሎሳ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ማለት ነበር።

አባባ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታመሙ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ተቀበሩ፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ልጃቸው አልሰማም።

መስከረም ገብቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ አዳማ ወደ ለመደችው አቧራ ስትመለስ አንድ ሐሙስ የእናቴ ስልክ ጮኸ። እማዬ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ትነግዳለች፤ እኔም ትምህርት ገና ስላልተጀመረ አብሬያት ነበርኩ። ቶሎሳ ነው። ኔትወርክ ያለበት ከተማ ደርሷል፤ ቅዳሜ አዳማ ይገባል። ከዚያ የቤቱን ሰው በየተራ ጠየቀ። አባባ ጋ ሲደርስ እማዬ ዓይኗን ሳታርገበግብ፦

“ደህና ነው። ኩየራ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ ነው” አለችው። ኩየራ ሻሸመኔ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ የአባባ እህት የሚኖሩት እዚያ ነው።

ስልኩን ዘግታ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። አንድ ገዢ መጥታ ኪሎውን ስንት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፤ የመለስኩላት እኔ ነኝ።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ አይነገርም፣ ለተራበ አይነገርም፣ ብቻውን ላለም አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ይግባ፣ ይብላ፣ አንድ ሌሊት ይተኛ፤ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱን ያልጠበቀ መርዶ ሰው ይጎዳል ይባላል፤ በሰፈራችን፣ መናኸሪያ ውስጥ የእናቱን ሞት ከአንድ ረዳት አፍ የሰማ ሰው አለ፤ ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ አልገባ ብሎ ዱከም ያለ ሥራውን እስከ መተው ደርሷል። ስለዚህ እድርተኞቹ ዓርብ ማታ ተሰብስበው ወሰኑ፤ መርዶው እሑድ ማለዳ ይነገራል። እስከዚያ ቶሎሳ ምንም እንዳይሰማ።

ዓርብና ቅዳሜ ጠዋት የሠራነውን ሳስበው ቴአትር የምናሳይ ነበር የምንመስለው። የአባባ ትልቁ ፎቶ አልጋ ሥር ገባ። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተመለሱ። ባለ ሱቁም ሆነ የባጃጅ ነጂዎቹ አፋቸውን እንዲዘጉ ተለመኑ። እማዬ ጥቁሯን አውልቃ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ ለበሰች፤ ከሻንጣ ውስጥ መጀመሪያ እጇ ላይ የመጣው እሱ ስለነበር፣ ለሰርግ ብቻ የምትለብሰው መሆኑን ማናችንም አላስተዋልንም።

የእኔ ድርሻ ወሬ ነበር። ቶሎሳ ከልጅነቴ ጀምሮ “ጋዜጠኛዋ” ይለኛል፤ በመጣ ቁጥር ከሄደበት ጊዜ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ከእኔ ነው የሚሰማው። እማዬ ፀጉሬን እየሠራች ትእዛዟን ሰጠችኝ።

“ያለሽን ሁሉ ንገሪው። ከግቢ እንዳይወጣ። የልብሽን ግን ፊትሽ ላይ እንዳላይ።”

ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። ከስቷል፤ ፂሙ እስከ ጉንጩ መሃል ወጥቷል። “አካም ጅርቱ!” እያለ በሩን በትከሻው ገፋው፤ እማዬን አቅፎ ሳማት፣ ከዚያ ቀሚሷን አየ።

“ምነው፣ ዛሬ ማን ሊዳር ነው?”

“አንተ መጣህ አይደል እንዴ” አለች እማዬና ወደ ማድ ቤት ዞረች።

ምሳው የዝዋይ ዓሣ ጥብስ ነበር፤ ጠርዙ የተንኮሻኮሸ፣ በዳጣ የሚበላ። ለሦስት ሰው ስድስት ዓሣ ቀርቦ ነበር። ሐዘን ቤት የሰነበተ ሰው እጁ ለብዙ ሰው ማብሰል ይለምዳል መሰለኝ። ቶሎሳ አጥንቱን እየለቀመ፣ አባባ በስንት ቀን እንደሚመለሱ፣ ለምን ስልካቸው እንደማይሠራ ጠየቀ። እማዬ ሊጠገን ሰጥተነዋል አለችው። የኩየራዋ እህታቸው ስልክስ? መብራት ጠፍቶባቸው ሰንብቷል። ሁለቱም መልሶች የተዘጋጁት ዓርብ ነበር፤ ሁለቱም ያለችግር አለፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“በይ ጋዜጠኛዋ። ከሰኔ ጀምሪ።”

ከሰኔ ጀመርኩ። የአጎቱ ልጅ መንታ መውለዷን፣ ከኋላችን ያለው ጎረቤት ልጅ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት መቀጠሯንና በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችው ጫማ በሳምንቱ መበጠሱን፣ እኔ ከክፍሌ ሦስተኛ መውጣቴን ነገርኩት። ደጅ ላይ፣ የፓፓያው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተቀቀለ የበቆሎ እሸት እንፈለፍል ነበር። ንፋሱ ደግ ነበር፤ ጋራዎቹ ገና አረንጓዴ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እየተዝናናሁ ነበር። ሰው አፍሽን እያየ ሲስቅልሽ የምትደብቂውን እንኳ ትረሺዋለሽ።

ኳስ ላይ ደረስን። ቶሎሳ የሚደግፈው “ቀዮቹ” የሚላቸውን የእንግሊዝ ቡድን ነው። ስለተሸጠው አጥቂ፣ ስለ አዲሱ ተከላካይ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ከዚያ የነሐሴ መጨረሻውን ጨዋታ ጠየቀኝ። አላወቅሁትም። በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥናችን ጨርቅ ተጥሎበት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ማንም አልከፈተውም።

“አንቺ? አንቺ ጨዋታ አመለጠሽ?”

“ሁለት ለአንድ” አልኩ። “አሸነፉ።”

“ማን አገባ?”

አዲሱ ተከላካይ ነው አልኩት፤ በጭንቅላት፣ በመጨረሻው ደቂቃ። እንዴት እንዳገባ ሁሉ ተነስቼ አሳየሁት። አጎቴ በቆሎውን ጥሎ አጨበጨበ። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ፖለቲካውን እማዬ እንዳላነሳ ከልክላኝ ነበር፤ ያነሳው ግን እሱ ነው። አገሩስ እንዴት ነው አለኝ። የዘይትን ዋጋ፣ የነዳጅ ሰልፉን፣ ቀበሌ ተጠርተን የተሰበሰብነውንና ስብሰባው ላይ ያንቀላፉትን ሰውዬ ነገርኩት። ዜናው እነሱ ስላሉበት አካባቢ ምን እንደሚልም ነገርኩት።

“እናንተ በዜና ነው የምትሰሙት” አለ። “እኛ ዳቦ የጫነችው መኪና ስትቀር ነው የምናውቀው።”

ሌላ ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም፤ በቆሎውን አንስቶ አቧራውን ጠረገና ስለ ዘፈን ጠየቀኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም ምን አዲስ ወጥቷል፣ አሰሚኝ፣ አራት ወር ሙሉ የጄኔሬተር ድምፅ ስሰማ ነው የከረምኩት አለኝ።

ወደ ማድ ቤቱ በር አየሁ። እማዬ ማማሰያ ይዛ ቆማ ነበር። ዘፈን ከቤታችን ከወጣ አንድ ወር ሊሆነው ነው፤ እምቢ ካልኩ ደግሞ ለምን ይለኛል። እማዬ በእሺታ አንገቷን ጥቂት ነቀነቀች። ስፒከሩን ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ ስልኬን አገናኘሁ፣ ከፈትኩት። እሱ ድምፁን ጨመረው። ክረምቱን ሁሉ ባጃጆች የሚያጮሁት የኦሮምኛ ዘፈን ነበር፤ ቶሎሳ ተቀምጦ ትከሻውን ይመታ ጀመር፤ እኔም አጨበጨብኩለት።

ለባጃጆቹ የነገርን ሰዎች፣ ለባለ ሱቁ የነገርን ሰዎች፣ ዘፈን እንደሚሰማ ለጎረቤት መንገር አላሰብንም። ከሐዘን ቤት አርባ ሳይወጣ ሙዚቃ ሲጮህ የሰማ ጎረቤት ምን እንደሚል አላሰብንም።

የግቢው በር ተበረገደ። እትዬ ብርቄ ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው፤ ከማንም በላይ ለአባባ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ከዘመድ ቤት ገና መመለሳቸው ነበር፤ ቶሎሳ መግባቱን አልሰሙም። ሙሉ ጥቁር ለብሰዋል።

“ምን ጉድ ነው የምሰማው? ከሐዘን ቤት ዘፈን? አርባው እንኳ ሳይወጣ?”

ያን ጊዜ አዩት። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ዘፈኑን አጠፋሁት።

“የማን አርባ ነው?” አለ ቶሎሳ። ጥቁሩን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየ። “እትዬ ብርቄ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?”

እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፦

“ወንድሜ” አሉ። “ከበደ።”

ለምን ከበደን እንደጠሩ በኋላ ሲጠየቁ ሌላ ስም አልመጣልኝም አሉ። ጋሽ ከበደ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ ጤነኛ ሰው ናቸው። ችግሩ ቶሎሳ በደንብ ያውቃቸዋል፤ ወንጂ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው ሙያ ያስጀመሩት። የመጀመሪያ መፍቻውን በእጁ ያስያዙት እሳቸው ናቸው።

አጎቴ ቁጭ ካለበት ብድግ አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሄዶ እትዬ ብርቄን በሁለት እጁ ያዛቸው፤ እሳቸውም ደረቱ ላይ ወድቀው ማልቀስ ጀመሩ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። በሟቹ ልጅ ደረት ላይ ሆነው ለሟቹ ያለቅሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ በሕይወት ላሉት ጋሽ ከበደ ያለቅስ ነበር። ሁለት ሰው ተቃቅፎ ለሁለት የተለያየ ሰው ሲያለቅስ እኔ ስፒከሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

“በቃ እትዬ ብርቄ። ተዉ። እሱ እኮ ስንቱን ሰው አድርጎ ነው የሄደው” ይላቸው ነበር። “ሙሉ ኑሮ የኖረ ሰው ነው። እንደሱ ለኖረ ሰው እንዲህ አይለቀስም።”

እትዬ ብርቄ ይሄን ሲሰሙ ባሰባቸው። እማዬ መጥታ ከደረቱ ላይ እስክታላቅቃቸው ድረስ አላቆሙም። ቶሎሳ ራት እየበላ ስለ ጋሽ ከበደ ብቻ ነው ያወራን፤ ነገ ጠዋት እትዬ ብርቄ ቤት ሄዶ በደንብ እንደሚያስተዛዝን ነገረን። ከዚያ ገና በጊዜ አልጋ ላይ ወጣና እንደ ድንጋይ ተኛ። ማንኮራፋቱ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር።

እሑድ ማለዳ ቶሎሳ ከሁላችንም ቀድሞ ነቅቶ ደጃፉ ላይ ፊቱን ሲታጠብ የግቢው በር ተከፈተ። የእድሩ ዳኛ ገቡ፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እኔ ከበሩ ጥግ ቆሜያለሁ። አጎቴ ሰዎቹን አየና ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ አበሰ።

“ለከበደ ነው አይደል? ቆዩኝ፣ ጫማዬን ላድርግ። አብረን እንሄዳለን” አላቸው።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ገመድ ማሰር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ከበደ የገቡት። እህታቸው ቅዳሜ ማታ ደውለው ለምሳ ድረስ ብለዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ለቶሎሳ በዚህ ሰዓት ያልደረስኩ መቼ ልደርስ ነው ብለው ስኳር በጫነ መኪና ከመተሐራ ሳይነጋ ተነሥተዋል። ከትናንት ጀምሮ ሟች መሆናቸውን የነገራቸው የለም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሰዎቹ መሃል አልፈው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

አጎቴ ቀና አለ። ጋሽ ከበደን አያቸው። ደስታ ነው መጀመሪያ ፊቱ ላይ የታየው፤ ይሄን አልረሳም። አፉ ሊስቅ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ነጠላዎቹን አየ፤ እትዬ ብርቄን አየ፤ ወደ ቤቱ ዞሮ እማዬን ጥቁሯን ለብሳ አያት። የእድሩ ዳኛ ያዘጋጁትን ንግግር አልጀመሩም። መጀመርም አላስፈለጋቸውም።

“ኩየራ አልሄደም” አለ ቶሎሳ።

“አልሄደም” አለች እማዬ።

አንደኛው ጫማው እንዳልታሰረ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ከበደ አብረውት ተቀመጡ። የቀረውን አልጽፈውም፤ ሐዘን ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ጋብ ሲል፣ ቶሎሳ ፓፓያው ሥር ጠራኝ። ተቆጥቶኛል ብዬ ነበር። ቅዳሜ ከነገርሽኝ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው አለኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ የነሐሴ መጨረሻው ጨዋታ ብቻ ነው የፈጠርኩት አልኩት።

“በጭንቅላት ያገባው?”

“አዎ።”

“እሱን ነበር የወደድኩት” አለ። ከዚያ “አሁን ያስቀረሽውን ንገሪኝ” አለኝ።

ነገርኩት። ከሰኔ ጀምሬ። አባባ ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን ለእኔ ሰጥተው ደውዪለት እያሉኝ፣ የቴሌዋ ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም ስትል “ነገ ትቀበላለች” ይሉ እንደነበር። ኳስ የማይወዱ ሰውዬ ሰኞ ሰኞ የቀዮቹን ውጤት ይጠይቁኝ እንደነበር፤ ልጄ ሲደውል የምለው እንዳላጣ እያሉ። መጨረሻ ሳምንታቸው ላይ ምን እንደበሉ፣ ማን እንደመጣ፣ ቀኑ ተምታቶባቸው ማክሰኞ ረቡዕ እየሆነ ሲመጣባቸው እኔን በእማዬ ስም እንደጠሩኝ። እንደ ቅዳሜው አላሳመርኩትም። አጎቴም እንደ ቅዳሜው አልሳቀም፤ አንዴም ግን አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጀንበር ወደ ጋራው አዘንብላ ነበር።

“ቅዳሜ ማታ እንዴት እንደተኛሁ ታውቂያለሽ?” አለኝ። “ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። በዚያ እንቅልፍ ተቀይሜያችኋለሁ። እንቅልፉን መልስ ብትሉኝ ግን አልመልስላችሁም።”

ይሄ ልማድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንዳንዴ ጨዋነት ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ሰው ተባብሮ አንድን ሰው ማታለል። ጋሽ ከበደ አሁንም በሕይወት አሉ፤ እትዬ ብርቄ ግን ያን ቃል ከአፋቸው ስላወጡ በየዓመቱ መስከረም ለነዳያን ዳቦ ይጋግራሉ።

ለሃና የክረምቱን ወሬ ጨርሼ ቤት ስገባ እማዬ ሻንጣዬን ታዘጋጅልኝ ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ ሩቅ ነው የደረሰኝ፣ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ቀን በስልክ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ማንም ሳይመጣብኝ፣ ማንም ሳይዘጋጅ።

እማዬ አንሶላዬን እያጠፈች አሰበችበት።

“እሺ” አለችኝ። “መጀመሪያ ግን ምሳ በልተሽ እንደሆነ እጠይቅሻለሁ።”